ሠላሳ አንድ ጊዜ የተጠገነው ሰዓት

ለታናሽ እህቴ፣ ካለሽበት ይድረስሽ።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? የአጎታችን ልጅ ቤት ደረጃ ይበዛዋል ሲሉ ሰምቻለሁና ጉልበትሽን ጠብቂው፤ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አሥር ጊዜ አትውጪ አትውረጂ። ሳሉስ ለቀቀሽ? የስፌት መኪናሽ መንገድ ላይ ሳይጎዳ ደረሰ? ልጆቿ ደህና ናቸው? መርፌሽ ላይ ክር ያስገቡልሻል ወይስ ክርሽን ይጨርሱብሻል? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ እንደሱ አልልም። ግራ ጉልበቴን ያመኛል፣ ከላይኛው ጥርሴ አንዱ ተነቅሏል፣ ከዚያ ውጪ ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ኋላ እንመጣበታለን።

ይህን ማን ጻፈልህ ማለትሽ አይቀርም። ማንም አልጻፈልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤዬን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ለአንቺ የሚጻፈውን ታዲያ ማንን ላስጽፍ? የመሥሪያ ቤታችንን ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ልለምነው አስቤ ነበር። ግን ታውቂው የለ፣ ከሱ ጆሮ የገባ ነገር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በሰፈሩ ይዞራል። ስለዚህ ለስልኬ ነው የምናገረው። ውስጡ ያለችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ፤ ገና ስትመጣ ድምፅዋን ሰምተሽ አፍንጫዋን ይዛ ነው እንዴ የምታወራው ብለሽ ነበር። አሁን እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ መልሳ ደግሞ ታነብልኛለች። ፊደል ያልቆጠርኩት ሰውዬ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ጸሐፊ ቀጥሬያለሁ። አንድ ጠባይ ብቻ አለባት። ትንሽ ዝም ካልኩ የጨረስኩ ይመስላትና ትዘጋብኛለች። አንቺ ዝም ስል ትጠብቂኝ ነበር፤ እሷ መጠበቅ የሚባል ነገር አታውቅም። ተቆርጦ የቀረ ነገር ካገኘሽ እዚያ ጋ ዝም ብዬ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሌላ ሰው ሳይሰማው የተናገርኩት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ መሆኑን ልብ በይልኝ። ለኔ የመጣ ወረቀት ሁሉ በአንቺ ዓይን አልፎ ነው የደረሰኝ፤ ከኔ የወጣውም በአንቺ እጅ አልፎ ነው የሄደው። ሐኪሙ የሚለኝን ከኔ ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ነበርሽ። ሰው ለራሱ ብቻ የሚይዘው ነገር አለው አሉ። እኔ አልነበረኝም፤ እንደሌለኝም አላውቅም ነበር። አሁን አለኝ። ይኸው የመጀመሪያውን ላንቺው ልነግርሽ ነው።

ወደ ጠቡ ልግባ፤ ዙሪያውን መዞር አልችልበትም።

አሠልጣኟ ወደ ብሩሽ ፋብሪካችን የመጣችበትን ሳምንት ታስታውሺያለሽ። ለሰባታችን ዓይነ ስውራን ሠራተኞች ነጭ በትርና የሚናገር ስልክ አስታቀፈችን። አባባ ስትለኝ አባባ አትበይኝ፣ ጥርሴን ቁጠሪው አልኳት። ያኔ ሙሉ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከቤትዎ እስከዚህ ያለውን መንገድ ስልኩን እንጠይቀው አለችኝ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አራት መቶ ሜትር፣ ስድስት ደቂቃ ብላ መለሰች። ተሳስታለች አልኩ። የኔ መንገድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ክንዴን ይዘሽኝ ስንሄድ በልቤ ቆጥሬዋለሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አሠልጣኟ አልተከራከረችኝም፣ በማግስቱ ጠዋት በራችን ድረስ መጣችና እንሞክረው አለችኝ። አንቺ የሰፋሽውን ልብስ ለደንበኛ ልታደርሺ ወጥተሽ ነበር። ከበሩ ወጥቶ ወደ ግራ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ። የፋብሪካው የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሰውነቴ እንኳን ገና አልሞቀም ነበር።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ፣ ጋሽ ብሩሽ፣ ዛሬ ምን ነካዎት፣ እዚሁ ነው እንዴ ያደሩት ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ። አሠልጣኟ በየዋህነት ቤታቸው እኮ እዚህ ጥግ ነው አለች። አንዱ ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላብ በላብ ሆነው የሚደርሱት ከየት ነው አለ። ያቺ ሳቅ ሆዴ ገብታ ቀረች።

ቤት እንደገባሁ ያልኩሽን አንቺ አልረሳሽውም፣ እኔ ግን በአፌ ልድገመው፤ መድገም አለብኝ። እንደ አውድማ በሬ ሃያ ሁለት ዓመት አዞርሽኝ አልኩሽ። ያላንቺ መራመድ እንዳልችል ብለሽ መንገዱን አስረዘምሽው አልኩሽ። የኔ አለማየት ላንቺ ሥልጣን ሆኖልሻል አልኩሽ። እጅጌ እየሰፋሽ ነበር፤ የመኪናው ድምፅ ቆመ። ተናገሪ እንጂ ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ፣ አዎ ወንድም ጋሼ፣ መንገዱ ረጅም ነው አልሽኝ። ይችው ናት። ሌላ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን መኪናሽን አስጭነሽ ሄድሽ። ሸሚዞቼን ሁሉ ተኩሰሽ፣ አንገታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረሽ፣ ደርድረሽልኝ ነበር የሄድሽው። በሌላ ሰው እጅ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በዚያው ሰው ላይ መናደድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ልንገርሽ? ስምንት ቀን ሙሉ አስቸገረኝ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ሸሚዙ አለቀ።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልኩራብሽ፣ አራት ወር ሙሉ የምኮራበት ሰው አጥቻለሁ።

በሩን የምቆልፈው ራሴ ነኝ። ቁልፉን ኪሴ እከተዋለሁ። እስከዚህ ዕድሜዬ የቤቴን ቁልፍ በኪሴ ይዤ እንደማላውቅ ያስተዋልኩት የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነው። እንዴት ይከብዳል መሰለሽ! የጉልበቴን ክኒንና የደም ግፊቱን ክኒን ስልኩን ወደ ብልቃጡ አዙሬ አስነብበዋለሁ፤ ጨውና ስኳሬን እለያለሁ፤ እንቁላል እጠብሳለሁ፣ አንዳንዴም አላሳርረውም። ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲሰጡኝ ማንንም ሳልለምን ጥግ ይዤ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሴትዮዋን ከፊቴ ያለውን ንገሪኝ ብላት ትልቅ ወንበር አለ አለችኝ። ልቀመጥ ስል ለካ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ነው ቆሞ የሚያየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበር ይሉታል፤ እኔ የጀመርኩት አይምሰልሽ፣ እሷ ናት።

በስድስት ደቂቃዬም እሄዳለሁ። በትሬ የጠርዙን ድንጋይ እየነካች፣ ሴትዮዋ በጆሮዬ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለች። ሰው ሲያልፍ እኔ ነኝ የምቆምለት ወይም የማልቆምለት፤ ማንም ክንዴን አይጎትትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እህት ዓለም። በዘጠኝ ዓመቴ ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ ያለ ሰው ክንድ መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው አያየኝም ብዬ አለቀስኩ፣ ለካ ሁሉም ያየኛል።

ግን እሷ የምትነግረኝ መንገዱን ብቻ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለውን አትነግረኝም። አንቺ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ዛሬ ተቀብቷል፣ በመንገዳችን የምናገኛት አስተማሪ ትናንት አኩርፋ ነበር ዛሬ ግን ትስቃለች ትይኝ ነበር። እሷ መሰናክል አለ ትላለች። ግድግዳም መሰናክል ነው፣ አስተማሪዋም መሰናክል ናት። ቤትም ስገባ የስፌት መኪናሽ የነበረበት ቦታ ስደርስ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል። ምንም የለም። እሷም ምንም የለም አትለኝም፤ መሰናክል ሲኖር እንጂ ሲጎድል አትናገርም።

ከሁለት ሳምንት በፊት አጭሩ መንገድ ለውሃ ቧንቧ ተቆፈረ። የሰፈሩ የጥበቃ ሠራተኛ በትሬን ይዞ አስቆመኝና በዚህ ማለፍ አይቻልም፣ ልክ እንደዚያ ጊዜው ሆነ አለኝ። የትኛው ጊዜ አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አይሆነውም፣ እንዲሁ ቦይ ተቆፍሮ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ይሄድ ነበር፣ በዓመቱ ነው የተደፈነው አለኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። እዚህ ሰፈር የገባን ሰሞን፣ ወንድም ጋሼ በዚህ በኩል ቦይ አለ፣ ዙሪያውን እንሂድ ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ አልዋሸሽኝም። አንድ ዓመት እውነት ነበር። የሚያነጋግረን የቀረው ሃያ አንድ ዓመት ነው።

ሴትዮዋ ሌላ መንገድ ላሳይዎት አለችኝና ዙሪያውን አስያዘችኝ። እግሬ አወቀው። የብረታ ብረት ሱቁን፣ ዳቦ ቤቱን፣ የተሰነጠቀውን የእግረኛ መንገድ አለፍኩና ሰዓት ሠሪው ጥግ ደረስኩ። ከመድረሴ በፊት በርጩማው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰማሁ። ያንን ድምፅ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ልንደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረን ነው። አሁን አትሳቂ። ለኔ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር። ሰዓት ሠሪው ሰው አክባሪ ነው፣ የእጅ ባለሙያ የእጅ ባለሙያን ያውቃል፣ ባየኝ ቁጥር ብድግ ይላል እያልኩ ፋብሪካው ውስጥ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ!

እንደምን አደሩ ጋሼ አለኝ። ዛሬ ብቻዎን ነዎት አለኝ። አዎ፣ አሁን በራሴ ነው የምሄደው አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ደስ ይላል አለኝ። ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ከዚያ በርጩማው እንደገና ተንሸራተተ፤ ተቀመጠ። ይህ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነሳ እንጂ ሲቀመጥ ሰምቼው አላውቅም።

ያን ቀን ሥራዬን አበላሸሁ። አንድ የልብስ ብሩሽ ሁለት ረድፍ ቀዳዳውን ዘልዬ ጸጉር ሞላሁበት፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እጄ ሽቦውን ይጎትታል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። የሸሚዜን ኮሌታ የምታስተካክዪው ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ላይ ነበር። ይህ ኮሌታ ቦታ ያውቃል እንዴ፣ ዘወትር እዚህ ጋ የሚጣመመው ለምንድን ነው ብዬሽ አውቃለሁ። አንቺም ነፋስ አለ ብለሽኝ ነበር። እዚያ ጥግ ነፋስ የለም። ብቻዬን ስሆን ቆሜ አዳመጥኩት፤ ሦስቱም ወገን ግድግዳ ነው።

ሰዓቴስ? ፋብሪካው ለአሥር ዓመት አገልግሎቴ የሰጠኝ፣ ክዳኑን ከፍቼ ቆጣሪዎቹን በጣቴ የምዳስሰው ሰዓቴ። በየጥቂት ወሩ ቆሟል፣ ላሳየው ትይኝ ነበር። እየሄደ ነው እኮ ስልሽ ወደ ኋላ ቀርቷል ትይኛለሽ። እሺ እል ነበር፤ የምታዪው አንቺ ነሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቆመም። ሴትዮዋን በየጠዋቱ ሰዓት እጠይቃታለሁ፣ ሰዓቴን እዳስሳለሁ፤ ልክ ናቸው፣ ሁለቱም።

በማግስቱ ሆን ብዬ በረጅሙ ሄድኩ። ቧንቧው ተቀብሮ አጭሩ መንገድ ከተከፈተም በኋላ በረጅሙ ሄድኩ። ሴትዮዋ አበደች። ከመንገድዎ ወጥተዋል፣ እባክዎ ይመለሱ ትለኛለች፤ አውቃለሁ እናቴ እላታለሁ። ሰዓት ሠሪው ጋ ስደርስ ቁጭ ልበል አልኩት። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሁለት በርጩማ ነው ያለው። አንዱ የሱ ነው፣ ሁለተኛውን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ አወጣልኝ። ቀስ ብሎ ነው ያወጣው፣ ለሌላ ሰው ያስቀመጠውን ዕቃ እንደሚያውስ ሰው። ስቀመጥ ትራስ አለበት። ጠርዙን ዳሰስኩት። ጠርዝ ላይ ስፌቱን ሁለቴ ደርባ፣ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ የምታጥፍ አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ናት የማውቀው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ብቻ ያወሩ ነበር።

የሰዓቴን የጀርባ ክዳን ክፈትልኝ አልኩት። ምን አስቸገረዎት አለኝ። ክፈተው አልኩት። ሰዓት ሠሪ አንድ ሰዓት ባደሰ ቁጥር የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ በመርፌ ጫፍ እንደሚጭርና ምልክት እንደሚተው ድሮ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ክዳኑን ተቀብዬ ጥፍሬን ሄድኩበት። የኔ ጥፍር አንዲት የፈረስ ጸጉር ከሁለት ይለያል፤ ጭረት አያመልጠውም። ሠላሳ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩት፣ ሠላሳ አንድ። ምኑን ነው ሠላሳ አንድ ጊዜ የጠገንከው አልኩት። አጸዳሁት አለኝ። ቆሽሾ ነበር ወይ አልኩት። ዝም አለ። እሱም እንደኔ ዝም ሲል የሚጠብቀው ሰው የለመደ ነው። ኋላ ላይ፣ አልነበረም ጋሼ አለኝ።

አሁን አስቸጋሪው ጋ ደረስኩ። ከዚህ በኋላ የምነግርሽን ነው በዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ማስጻፍ ያልቻልኩት።

እዚህ ሰፈር በገባን በአምስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ እዚያው ጥግ ቆመን፣ ሰዓቴን እጄ ላይ ሲያስርልኝ፣ ጋሼ፣ እህትዎ ዕድሜ ልካቸውን እርስዎን ሲያደርሱ ሊኖሩ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ድምፁ ቀልድ የያዘ መስሎኝ እኔም ቀለድኩ። እሷ ቀኝ እጄ ናት፣ ቀኝ እጁን ቆርጦ ለሰው የሚሰጥ ሰው አይተሃል ወይ አልኩት። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ አጭር ሳቅ። አንቺ አልሳቅሽም። ክንዴን የያዘው እጅሽ ለአፍታ ላላ፣ ከዚያ መልሶ ያዘኝ። ያቺን መላላት ያኔ ሰምቻታለሁ፤ እንቅፋት መስሎኝ አለፍኳት። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እጅሽ ክንዴ ላይ ሲላላ አሁን ነው የሚሰማኝ።

እኔ ቀልዴን ለመናገር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ በኋላ እሱ አልጠየቀኝም፣ አንቺም አልተናገርሽም። ዛሬም እኔ እሱን አልጠየቅኩትም፣ አንቺንም አልጠይቅሽም። ለራሴ የምይዘው ነገር አልነበረኝም ብዬ ከላይ አማርሬያለሁ። ያንቺው ደግሞ በቀን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበረች፣ ያቺውም እኔን በክንድሽ ይዘሽ። በዚያችም ላይ ጮኽኩብሽ። ሌባ አልኩሽ ማለት ነው። ያኔ የተናገርኩት ሁሉ እኔ

ይኸው ዘጋችብኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሦስቴም እዚያው ቃል ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ፣ ትዘጋብኛለች። ተቆርጦ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከኔ አፍ ሲወጣ ሰምተሽው ስለማታውቂ አዲስ ይሆንብሻል እንጂ ታውቂዋለሽ።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። ሱቁ ሊዘጋ ነው። አሁን ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚያየው ከስልኩ ነው፣ ሰዓት የሚያሳድስ የለም። ሳምንት ሙሉ ሲቀመጥ ውሎ የመጣለት አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪ ነው የጎደለው። ተመልከች፣ ለኔ መንገድ የከፈተችልኝ ይችው ሴትዮ የሱን በር ዘጋችበት። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን አስረክቦ ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል። ሩቅ ነው። ይህን የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው፣ መነጽሩን እየጠረገ። በየጠዋቱ ደግሞ እሳቸው ደህና ናቸው ይለኛል። ስምሽን አይጠራም። ደህና ናት እለዋለሁ፣ ከየት አውቄ።

ጻፍላት አላለኝም። ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ ሰውዬው ኩራት አለው፣ በኩራት እኔን ይስተካከላል። የማደርገውን ያደረግኩት በራሴ ነው።

ትናንት ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቆሟል አልኩት። ጆሮው ላይ አስጠጋው፤ ቲክ ቲክ ሲል እኔም ከነተቀመጥኩበት እሰማዋለሁ። ቆሟል አልኩት እንደገና። ከጆሮው አወረደና፣ አዎ ጋሼ፣ ቆሟል አለኝ። ይኸው በስተርጅናዬ ውሸት ጀመርኩ፤ አብሮኝ የሚዋሽ ሰውም አገኘሁ። መቼ ይደርሳል አልኩት። ወሩ በገባ በሃያ ዘጠኝ አለኝ። ለኔ እንዳትሰጠኝ፣ ዘወትር ለምታመጣልህ እጅ ነው የምታስረክበው አልኩት። ከመጡ አለኝ። እሷ የጀመረችውን ትጨርሳለች አልኩት፤ ከመቼ ወዲህ እህቴን እንደማውቃት እንጃ እንጂ፣ እንዲህ አልኩት።

እኔ ሰዓት አያስፈልገኝም፤ ሰዓቱን ሴትዮዋ ትነግረኛለች። ለኔ ብለሽ አትምጪ። እኔ ደርሻለሁ። ጠዋት እወጣለሁ፣ በጊዜ እደርሳለሁ፣ ቁልፌን በኪሴ ይዤ እመለሳለሁ። እንቁላሉም እየተሻሻለ ነው። ከዚህ በኋላ እኔን ለማድረስ አንድ እርምጃ ብትሄጂ አኮርፍሻለሁ። የሚገርምሽ ነገር፣ ነጭ በትር የተሰጠኝ ቀን ነጻ የወጣሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ክንድ ታስሮ ሲኖር የሚታየው አንዱ እስረኛ ብቻ ነው ለካ።

ምርጫው ያንቺ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ካልመጣሽም ሰዓቱ እዚያው ይቅር፣ እኔም እሱም አንጠይቅሽም። ከመጣሽ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። አውቶቡሱ ፋብሪካው ጋ ያወርድሻል። እኔ ለመቀበል አልወጣም፣ ሥራ አለብኝ። አንቺም ቀጥታ ወደ ቤት ልምጣ ብለሽ በአጭሩ መንገድ እንዳትሞክሪው። ቦይ ተቆፍሯል። ዙሪያውን ነይ።

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። ወገብሽን ፈጣሪ ያበርታልሽ፤ መርፌሽ አይሰበር፣ ክርሽ አይጠላለፍ። የቀረው ዕድሜሽ ያንቺ ይሁን፤ እስካሁን የወሰድኩብሽንም እንዴት እንደሚመልስልሽ ፈጣሪ ያውቃል።

በራሱ እግር የሚሄደው፣
ታላቅ ወንድምሽ